ኮሶው የመጣው ከሰንጋው አይደለም!



ቆቦ ላይ ነሐሴ ሲጋመስ ሁለት ነገር ተያይዞ ይመጣል። አንዱ ሶለል ነው። ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ይፈታል፣ ልጃገረዶች አምረውና ተውበው ከበሮ ይዘው ይወጣሉ፣ በየግቢው ቢላ ይሳላል። ሌላው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ክረምቱን ሙሉ ስለ ተጫዋች ዝውውር ሲከራከር የከረመው ወጣት ማልያውን ለብሶ ኳስ ማሳያ ቤት ቦታ ይይዛል። ሁለቱ ሲገናኙ መሃል ላይ የሚቀመጠውን ታውቁታላችሁ፦ ሥጋ!

አምና እኔም እዚያው ነበርኩ። ጓደኞቼ ቅርጫ ገብተው ድርሻቸውን ይዘው መጡ። ቁርጡ፣ ሚጥሚጣው፣ አዋዜው፣ አረቄው ቀረበ። «የኔን ጠብሱልኝ» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ዶክተር፣ የራያ ልጅ ሆነህ ጥብስ?» አለኝ አንዱ። ሌላው «አብሽር፣ አረቄው ይገድለዋል!» አለ። አፈርኩ። ከዚያስ? በላሁ።

ኅዳር ላይ፣ ለስንቱ ታካሚ ሳስረዳ የኖርኩትን ነገር በራሴ የውስጥ ሱሪ ላይ አገኘሁት፦ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ቁራጭ። ኮሶ! ከዚያ ቀን ሥጋ ይሁን ከሌላ ቀን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ለጓደኞቼ ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው «በቃ የዘንድሮ ሰንጋ ተበላሽቷል» አሉ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይቺ ንግግር ናት።

ሰንጋው ምን አደረገ?

የከብት ኮሶ ትል አድጎ፣ ትልቅ ሆኖ የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይደርሳል። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ሰው እንቁላሉን ሣሩ ላይ ይተወዋል። በሬው ያንን ሣር ይግጣል፤ እጩም በሥጋው ውስጥ ይቀመጣል። እኛ ደግሞ ሥጋውን በጥሬው እንበላለን። ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ትሉ አድጎ ቁርጥራጩን መጣል ይጀምራል። ዙሩ ይቀጥላል።

አያችሁ? ለሰንጋው ያስተላለፍነው እኛ ነን። እሱ የመለሰልን የራሳችንን ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት ኮሶ የሥጋ ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሽንት ቤት ጉዳይም ነው። በራያ ሰንጋ የምንኮራ ከሆነ የሚግጥበትን ሜዳ አናቆሽሽ።

«ይገድለዋል» የምንላቸው ነገሮች

1. አረቄ፦ የምትጠጡት አረቄ ሥጋው ውስጥ ያለውን እጭ አይገድልም። ሆድ ውስጥ ከምግቡ ጋር ተቀላቅሎ ይቀጥናል። ሲበዛ የሚጎዳው ጉበታችሁን ነው።

2. ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ሎሚ፦ ያጣፍጣሉ እንጂ አያበስሉም።

3. «በዓይኔ አይቼ ነው የገዛሁት»፦ እጩ ትንሽ ነው፤ በሥጋው ውስጥ ተደብቆ ያልፋል። የሠለጠነ የሥጋ መርማሪን እንኳ ሊያመልጠው ይችላል። የሰፈር ቅርጫን ደግሞ ብዙ ጊዜ መርማሪም አያየውም።

4. ለብለብ ክትፎ፦ ላዩ ሞቀ ማለት መሃሉ በሰለ ማለት አይደለም።

እጩን የሚገድለው እሳት ነው፤ ሥጋው እስከ መሃሉ ድረስ ሲበስል።

«ባህላችን ነው እኮ!»

ልክ ነው፣ ባህላችን ነው። ግን ባህሉን ሙሉውን እናስታውስ። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ዋጋ እንደሚያስከፍል አሳምረው ያውቁ ነበር። ለዚህም ነው በየሁለት ወሩ ገደማ የኮሶ ዛፍ አበባ እየበጠበጡ የሚጠጡት። ያ መድኃኒት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ድረስ ደርሶ ነበር። እኛ ግን ጥሬውን ወርሰን ጥንቃቄውን ረሳነው። ዛሬ ኮሶ ጠጡ እያልኩ አይደለም፤ መጠኑ ስለማይታወቅ ሲበዛ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ጤና ተቋም ሂዱ። ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ተወስደው ያበቃሉ። «የትል መድኃኒት» ብላችሁ ከፋርማሲ የምትገዙት አልቤንዳዞል ለኮሶ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም።

ደግሞ ነገሩ በኮሶ አያበቃም። ጥሬ ሥጋ ሳልሞኔላን የመሰሉ ተቅማጥ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ይችላል። ነፍሰ ጡር እህቶቼ፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። በእርግዝና ጊዜ ጥሬ ሥጋ «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን እሳትም አያድናችሁም፦ አባ ሰንጋ። ታሞ የወደቀ ወይም ድንገት የሞተ ከብት «ከሚባክን» ተብሎ ከታረደ ሥጋውን አትብሉ፣ አታካፍሉ። ጥብስም ወጥም ቢሆን አይሆንም። ሥጋውን መንካት፣ ቆዳውን መግፈፍ ራሱ ያስይዛል። በተለይ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው የማይረጋ ደም ከፈሰሰ አትቅረቡት፤ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ።

ለዘንድሮው በዓልና ጨዋታ

1. ቅርጫ ስትገቡ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ፤ ከመታረዱ በፊትም ከታረደ በኋላም ይየው።

2. ጥሬ ሥጋ የቆረጠ ቢላና መክተፊያ ሳይታጠብ ሰላጣና እንጀራ አይንካ።

3. ቆቦ ቆላ ናት፤ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ሥጋ ያለ ፍሪጅ ከ1 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ጨዋታው ከነእረፍቱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እናንተው አስሉት።

4. ነጭ ቁርጥራጭ ካያችሁ አትፈሩ፣ አትደብቁ። ሐኪማችሁም አግኝቶታል!

እኔ ጥሬ የሚበላን ሰው ለመናቅ አይደለም የጻፍኩት። አምና ያሸነፈኝ ረሃብ አልነበረም፤ ሳቅ ነው። ብዙዎቻችንም የምንበላው ከጓደኛ ላለመለየት ይመስለኛል። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ አንድ ልመና አለኝ፦ «የኔን ጠብሱልኝ» ያለ ሰው ላይ አትሳቁ። ምናልባት ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ምናልባት ታሞ ነው፣ ምናልባትም ዝም ብሎ ጥብስ ይወዳል።

ዘንድሮ ከሰሉን እኔ እገዛለሁ፣ ፍሙንም እኔ አቀጣጥላለሁ። የአርሰናል ደጋፊዎችም ተጋብዛችኋል፤ መጠበቅ ለምዳችኋልና ሥጋው እስኪበስል አይከብዳችሁም!

ለቅርጫ ጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። መልካም ሶለል፣ ጤና ይስጥልን!