በክዋንዛ የምንስቀው ማን ሆነን ነው?

«ክዋንዛ እኮ የፈጠራ በዓል ነው» ይባላል በመካከላችን። ይባልና ይሳቃል። የሚስቁት ነገሩን የማያውቁት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ለዚህ ጽሑፍ ወረቀትም ቀለምም ባላባከንን። ግን ስለ ፋኖንና ስለ ንክሩማ ሲከራከሩ የሚያመሹት ባልንጀሮቻችንም አብረው ይስቃሉ። አፍሪካ መጽሐፍ ውስጥ ስትሆን ያጨበጭቡላታል፤ ጎረቤት ሆና ሻማ ስታበራ ያፍሩባታል።

እስቲ ከሥሩ እንያዘው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1965 ኦገስት ወር ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዋትስ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር በቁጣ ተነሣ። መነሻው ፖሊስ አንድ ወጣት ሹፌር መያዙ ነው ቢባልም ሲጠራቀም የኖረው ሌላ ነበር፤ ሥራ ማጣት፣ በቀለም ምክንያት ቤት መከልከል፣ የፖሊስ ዱላ። በስድስት ቀን ውስጥ 34 ሰው ሞተ። በዓመቱ፣ በ1966፣ እዚያው ከተማ የጥቁር ብሔርተኞች ድርጅት ይመራ የነበረው ማውላና ካሬንጋ ክዋንዛን አቆመ። ከዲሴምበር 26 እስከ ጃንዋሪ 1 ሰባት ምሽት ነው። በየምሽቱ አንድ ሻማ ይበራል፣ በየሻማው አንድ መርሕ ይነገራል። መሐል ላይ አንድ ጥቁር፣ በወዲያና በወዲህ ሦስት ቀይና ሦስት አረንጓዴ፤ ቀለሞቹ የማርከስ ጋርቬይ ንቅናቄ በ1920 ያወጀው ባንዲራ ቀለሞች ናቸው። ሰባቱን መርሖች «ንጉዞ ሳባ» ይሏቸዋል። ሳባ ሲባል ንግሥቲቱ እንዳትመስላችሁ፤ በስዋሂሊ ሰባት ማለት ነው፣ በዐረብኛ በኩል የእኛው ሰባት ዘመድ። የመጨረሻው ቀን መርሕ «ኢማኒ»ም ከእምነትና ከአሜን ጋር አንድ ሥር አለው። «ቋንቋው ባዕድ ነው» ለሚሉን ይህችን ታህል እንበላቸው።

ስሙስ? «ማቱንዳ ያ ክዋንዛ»፣ የመጀመሪያ ፍሬዎች። አሥራት በኵራት ሲባል እየሰማን ያደግን ልጆች ይህ እንግዳ ሆነብን ካልን እንግዳው ነገር እሱ ነው። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ የደረሰ ፍሬ ይቀርባል፣ በቤቱ ልጆች ቁጥር በቆሎ ይቀመጣል። ዘውድ የለበትም፣ ሐውልት የለበትም። እኛ «የአፍሪካን ቅርስ አሳዩን» በተባልን ቁጥር የአክሱምን ሐውልትና የላሊበላን ፎቶግራፍ ይዘን ነው የምንሮጠው። አክሱምንና ላሊበላን ያነጹትን ሰዎች የመገበው ገበሬ ፎቶግራፍ የለውም መሰለኝ እንላለን እንዴ? እነዚህ አገራቸውን አይተው የማያውቁ ሰዎች በቆሎ ማስቀመጣቸው ከእኛ ይልቅ ለገበሬው የቀረበ ነው።

ፈጠራ ነው፤ አዎን፣ ነው። ታዲያስ? ሃይማኖቱን ለሊቃውንት እንተወውና የአገር በዓላትን ብቻ እንውሰድ። መስከረም 2ን ወላጆቻችን በሰልፍና በመፈክር ያከብሩት ነበር፤ ደርግ በ1991 ሲወድቅ በዓሉም አብሮ ወደቀ። ክዋንዛን ቀበሌ ሰልፍ አላስወጣለትም፣ ያልመጣ ሰው አልተቀጣበትም፤ ስድሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰው ሰዎች ፈልገው በየሳሎናቸውና በየቤተ ክርስቲያናቸው ስለሚያበሩት ነው። ደግሞስ የአያቱን ስም፣ ቋንቋውን፣ የተወለደበትን ቀን ሳይቀር የተቀማ ሰው በዓል ቢሠራ ምኑ ያስቃል? የሚወርሰው ነገር ቢተዉለት ኖሮ ይወርስ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ የምትነገረውን ባለ ሦስት ፊደል ቃል ማንሣት ግድ ነው። ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሲወራ በሹክሹክታ የምትወጣዋን። ቃሏን እዚህ አንጽፋትም፤ ሁላችንም ከነድምጿ እናውቃታለን። ቃሏ ከአሜሪካ አልመጣችም፣ በሻንጣችን ይዘናት የመጣን ናት። በእኛ አገር ባርነትን በሕግ ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። አያቶቻችን የሚያስታውሱት ነገር ነው! የከፋን፣ የወላይታን፣ የቤኒሻንጉልን ሰው በገበያ የሸጠና የገዛ ማኅበረሰብ ልጆች ነን፤ ከመካከላችን የሻጭም የተሸጠም ዘር አለ። ስለዚህ በባርነት የተሸጡ ሰዎች ልጆች የሠሩት በዓል ላይ ስንስቅ ሳቁ ስለ ቀን መቁጠሪያ አይደለም። «እኛ እነሱን አይደለንም» ለማለት ነው። ፖሊሱ መኪናችንን ሲያስቆም ግን ይህን ልዩነት አይጠይቀንም።

መሥራቹን የሚያነሡብን አሉ፤ ያንሡ። ካሬንጋ በ1971 የድርጅቱን ሴቶች በማሠቃየት ተፈርዶበት እስከ 1975 ታስሯል። ይህ መሸፋፈን የለበትም፣ በዓሉን የሚያከብሩ ሴቶችም ሲሸፋፍኑት አላየንም። በመጀመሪያው ዘመን ክርስትናን የነጮች ሃይማኖት እያለ ይነቅፍ እንደነበረም እናውቃለን፤ ኋላ ነው ክዋንዛ የባህል እንጂ የሃይማኖት በዓል አይደለም ያለው። ግን እዩት ምን እንደ ሆነ፦ ሲነቅፋቸው የነበሩት ቤተ ክርስቲያኖች ራሳቸው በዓሉን ተቀብለው በመሠዊያቸው ፊት አስቀመጡት። ሴቶቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ከመሥራቹ እጅ ወስደው የራሳቸው አደረጉት። ልክ ነው፣ በዓል እንዲህ ነው የሚወሰደው።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ እንምጣ። እዚህ ዋሽንግተን አንዱ የእኛ ማኅበረ ምእመናን የሚቀድሰው በጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ስማቸውን አንጠቅስም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኛ በማለዳ ቀድሰን ስንወጣ እነሱ ለአገልግሎታቸው ይገባሉ፣ በደረጃው ላይ እንተላለፋለን፣ «ጉድ ሞርኒንግ» እንባባላለን፣ አለቀ። ባለፈው ዲሴምበር የክዋንዛ ምሽት ላይ መጥታችሁ ከእኛ ጋር ሻማ አብሩ ብለው በወረቀት ጋበዙን። የእኛ ኮሚቴ የሰጠው መልስ ሁለት ምክንያት ነበረው፤ አንደኛ ባዕድ አምልኮ ነው፣ ሁለተኛ ጾም ላይ ነን።

የመጀመሪያውን መልሰናል። ሁለተኛው እውነት ነው፤ ዲሴምበር 26 ታኅሣሥ 17 ነው፣ የገና ጾም ነው። ግን ሥጋ ብሉ ያለን ማን ነው? ሽሮና ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ አዚፋ ይዞ መሄድ የሚከለክል ጾም አናውቅም። እንዲያውም ዲሴምበር 28 ታኅሣሥ 19 ነው፣ ቁልቢ ገብርኤል። አገር ቤት ሕዝቡ በእግሩ ወደ ቁልቢ በሚተምበት ዕለት እነሱ «ኡጂማ»ን ያስባሉ፤ በጋራ መሥራትና የጎረቤትን ችግር እንደ ራስ ችግር መያዝ ማለት ነው። ደቦ እንለዋለን እኛ። በማግሥቱ «ኡጃማ» ነው፤ ገንዘብን አስተባብሮ የጋራ ሱቅ፣ የጋራ ሥራ ማቆም። ዕቁብ የሚጥሉ እናቶቻችን በዚህ ላይ ንግግር ቢያደርጉ ማንም ፕሮፌሰር አይደርስባቸውም። ከመዋጮ እስከ ለቅሶ ድንኳን ያለውን የዕድር አሠራር ይዘን አንድም ቀን ለጎረቤቶቻችን አላካፈልንም።

ይልቁንም ያደረግነውን እናስታውስ። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ የዩ ስትሪት ሰፈር ተቃጠለ፤ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት አካባቢ ነው (በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ የተጫወተው)። ከዓመታት በኋላ ወገኖቻችን እዚያ ምግብ ቤት ከፈቱ፣ ደክመው አቀኑት፤ ይህን ማንም አይነሣቸውም። በ2005 ግን የዘጠነኛው መንገድ አንድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል ተብሎ ሲጠየቅ ጥቁሮቹ ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ እኛም «ምቀኞች» አልናቸው። የእነሱን ሰፈር በእኛ ስም ለመጥራት ቸኮልን፣ እነሱ ግን ገና በ1808 ቤተ ክርስቲያናቸውን በእኛ ስም ጠርተው ነበር። በኒውዮርክ ጥቁር ተለይቶ ይቀመጥ የሚለውን ቤተ ክርስቲያን ጥለው የወጡት ምእመናን የራሳቸውን ሲያቆሙ አቢሲኒያን ባፕቲስት አሉት። ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረውን የመዝሙረ ዳዊት ቃል ከእኛ ባልተናነሰ ሲሰብኩ ኖረዋል። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ሲወረን ሐርለም ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሰልፍ ወጡ፤ ከቺካጎ ጆን ሮቢንሰን የሚባለው አብራሪ መጥቶ የጥቂት አውሮፕላኖቻችን አዛዥ ሆነ፣ በ1954 እዚያው አገራችን ሞተ። በ1965 የወጣው፣ እኛም ወደዚህ አገር የገባንበት የስደተኞች ሕግም እነሱ በዱላና በውሻ ፊት ተሰልፈው ካናወጡት ዘመን የተገኘ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎልን ሻማ አብሩ ሲሉን «ጾም ነን»!

ክዋንዛ ጉድለት የለበትም አንልም። በየአዳራሹ የሚታየው አፍሪካ አንዳንዴ ከበሮና ጥለት ብቻ ነው፤ የዛሬው ስደትና ጦርነት አይነሣም። ኡጃማ የሚለውን ቃል ከጁልየስ ኔሬሬ ሲወስዱ በ1970ዎቹ የታንዛንያ ገበሬ በግድ ወደ መንደር መሰብሰቡን የሚያነሣ አልሰማንም፤ እኛ የደርግን መንደር ምሥረታ ከወላጆቻችን የሰማን ልጆች ግን በዚህ ላይ የምንለው አለን። እንበለው። የምንለው ግን በር ላይ ቆመን እየሳቅን ሳይሆን ምንጣፉ ላይ አብረን ተቀምጠን ነው።

ስለዚህ በመጪው ታኅሣሥ 19 ምሽት፣ ኮሚቴው ፈቀደም አልፈቀደም፣ ከምድር ቤቱ ወደ ላይኛው አዳራሽ እንወጣለን። ሽሮውንና ምስሩን የሚሠሩ ተገኝተዋል። ስለ ዕድር የሚናገሩ አንዲት እናት እሺ ብለዋል፣ የሚያስተረጉምላቸው ከመካከላችን ይመረጣል። ጀበናና ረከቦት የሚያመጣ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።