የቤት መስታወት ለመኪና አይሆንም

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መኪና መስታወት ነው። «ሲስተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ጋራዥ ከፈቱ?» እንዳትሉኝ። ነገሩ የልጆቻችን የእጅና የዓይን ጉዳይ ሆኖብኝ ነው።

ገርጂ ግቢያችን ውስጥ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር አለች። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ1986 ዓ.ም. ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የገዛት ናት። ሽጪያት የሚለኝ ብዙ ነው፤ እኔ ግን አልቻልኩም። በ1977 ዓ.ም. ሥራ ስጀምር የክትባት ሣጥን ጭናችን ላይ አድርገን ገጠር የምንወጣው እንዲህ ባለች መኪና ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት የፈንጣጣ ዘመቻ ሠራተኞችም ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ በእግር፣ በበቅሎ፣ በመሰል መኪኖችና በሄሊኮፕተር አገር አዳርሰው፣ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ዲሞ በምትባል መንደር የአገራችንን የመጨረሻ የፈንጣጣ ሕመምተኛ አግኝተዋል። እነዚህ መኪኖች ለእኛ ለጤና ሠራተኞች የሥራ ባልደረቦቻችን ናቸው።

በቀደም እሑድ ስድስት ዓመት የሆነው የልጅ ልጄ የመታው ኳስ የላንድሮቨሯን የበር መስታወት ሰበረው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። መስታወቱ እንደ ሽምብራ ፍሬ ደቅቆ መሬት ላይ ፈሰሰ። በማግስቱ ከጉዳይ ስመለስ ልጄ አዲስ መስታወት አስገብቶ፣ ወልውሎ ጠበቀኝ።

«እማዬ፣ አታስቢ። የእሷ መስታወት ጠፍጣፋ ስለሆነ እዚሁ ሰፈር መስታወት ቤት አስቆረጥኩት። ዋጋውም ትንሽ ነው» አለኝ።

መነጽሬን አድርጌ አራቱንም ማዕዘን አየሁ። ምንም ጽሑፍ የለበትም።

«ይሄ እኮ የቤት መስኮት መስታወት ነው» አልኩት።

«ታዲያ መስታወት መስታወት አይደል?»

አይደለም። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በ1981 ዓ.ም. በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ተረኛ ሳለሁ ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ በአባቷ ክንድ ላይ ሆና መጣች። መኪናው ድንገት ፍሬን ሲይዝ ልጅቱ በእጇ የጎኑን መስታወት ተደግፋ ኖሯል። መስታወቱ ተሰበረ፤ እጇ አልፎ ወጣ። አባትየው ስባሪውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞት ነበር፤ እንደ ሥጋ ቢላዋ የረዘመና የሾለ ነው። ዋናው ሲሰበር ከቤት መስታወት አስቆርጦ ያስገባው እሱ ራሱ መሆኑን እያለቀሰ ነገረን። ደሟን አቁመን ሕይወቷ ተረፈ። የተቆረጡት ጅማቶች ግን እንደ ቀድሞው አልሆኑም፤ ስትወጣ ሁለቱ ጣቶቿ አይታጠፉም ነበር። ያቺን እጅ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ልዩነቱ ይህ ነው። የቤት መስታወት ሲሰበር ረጃጅም፣ ስለታም ስለት ይሆናል። የመኪና የጎን መስታወት አብዛኛውን ጊዜ «ቴምፐርድ» የሚባለው ነው። ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከጋለ በኋላ በኃይለኛ አየር በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ሲሰበርም ደቅቆ ይረግፋል እንጂ እንደ ጩቤ አይሾልም። የፊቱ መስታወት ደግሞ «ላሚኔትድ» ነው፤ በሁለት መስታወቶች መሐል ስስ ፕላስቲክ ተጣብቆበታል። ቢሰነጠቅ የሸረሪት ድር ይመስላል እንጂ በቀላሉ አይበታተንም። ይህን ድርብ መስታወት ያስገኘው ኤድዋር ቤኔዲክተስ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። እንደሚተረከው፣ የወደቀ የላቦራቶሪ ጠርሙስ ውስጡ በደረቀው ፈሳሽ ተይዞ ሳይበታተን ቢያየው ነው ሐሳቡ የመጣለት።

ችግሩ የሚብሰው በአሮጌ መኪኖች ላይ ነው። የዛሬ መኪኖች መስታወት ጎባጣ ስለሆነ ሰፈር ውስጥ ማስቆረጥ አይቻልም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 የጀመረችው ላንድሮቨርና እስከ 1984 ድረስ የተሠራችው አርባዎቹ ላንድክሩዘር ግን ብዙው መስታወታቸው ጠፍጣፋ ነው። ለጥገና የመቅለላቸው ምክንያት ይኸው ነው፤ ለስህተት የሚያጋልጣቸውም ይኸው።

ከልጄ ጋር መርካቶ፣ ሱማሌ ተራ ወረድን። ያገለገለ ዋናውን ብንፈልግ ልኩ የሆነ አጣን። አንድ ወጣት ባለሙያ «ማዘር፣ ለምን ይደክማሉ? የቤቱን ላስገባልዎት፣ ማንም አያውቅም» አለኝ። «ልጄ፣ የልጅ ልጄ እጅ ያውቃል» ብለው ሳቀና ቁም ነገሩን ነገረኝ። ቴምፐርድ አንዴ ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፤ ሊቆርጡት ቢሞክሩ ሙሉ በሙሉ ይረግፋል። ስለዚህ አስቀድሞ በልኩ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተሞርዶ ነው የሚጠነክረው። ድርቡ ግን በሠለጠነ እጅ ይቆረጣል፤ ሁለቱ ገጾች ከተቆረጡ በኋላ መሐል ያለው ፕላስቲክ ይለያል። እኛም ጠፍጣፋ ድርብ መስታወት በልኳ አስቆረጥን። ዋጋው ልጄ ከከፈለው እጥፍ ድርብ ነበር፤ ግን የአንድ ቀን የሕክምና ወጪ አይሆንም።

መስታወቱ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር አየን። የላንድሮቨር የበር መስታወት ወደ ጎን የሚንሸራተተው ሱፍ በተለበጠ ቦይ ውስጥ ነው። ቦዩ በዝናብ ውኃ ዝጎ አብጦ መስታወቱን ጨምቆት ኖሯል። ያን ኳስ የመጨረሻው ምት እንጂ ብቸኛው ምክንያት አላደርገውም። ዝገቱን ጠርገን፣ የውኃ መውጫውን ቀዳዳ ከፍተን፣ ቦዩን ቀየርን። መስታወት ብቻ ቀይሮ ቦዩን መተው ሥራውን ደግሞ መጀመር ነው። በጎማ የሚያዝ የፊት መስታወት ያላችሁም ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ አብራችሁ ቀይሩት። ባለሙያዎቹ በጎማው ከንፈር ውስጥ ገመድ አዙረው በሳሙና ውኃ እያለሰለሱ ከውስጥ ይስቡታል። ቤንዚንና ዘይት ጎማውን ስለሚያበላሹት አይቀባ።

አሁን ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ነገ ጠዋት መኪናችሁን ተመልከቱ። ልጆቻችሁን ከሲኤምሲ፣ ከሰሚት ወይም ከአያት ትምህርት ቤት የሚያመላልሰውን ሰርቪስም ጭምር። በመስታወቱ ማዕዘን ላይ ስለ ዓይነቱ የሚናገር ትንሽ ጽሑፍ ወይም ምልክት መኖር አለበት። አንዱ መስታወት ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ምልክት ከሌለው ሾፌሩን በአክብሮት ጠይቁ። ድርብ ከሆነ ጠርዙ ሲታይ በመሐሉ መስመር አለው። እኛም ድርቡን ስናስቆርጥ ምልክቱ ስላልነበረው በጠርዙ ነው ያረጋገጥነው።

መስታወት ቢሰበርና ሰው ቢጎዳስ? ደም የሚፈስበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ እጅ ከሆነ ከፍ አድርጉት። ስባሪው ሥጋ ውስጥ ከተሰካ አትንቀሉት፤ በግራና ቀኙ ተጫኑ እንጂ በላዩ አትጫኑ። ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹ፣ አትጫኑ፤ በንጹሕ ስኒ ከልላችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱ። ቡናና አመድ ቁስል ላይ መነስነስ ይቅር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ልጆችም ይወቁት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ስለመውሰዱም ሐኪሙን ጠይቁ።

ልጄ ያን የመጀመሪያ መስታወት «እንዳይባክን» ብሎ የዶሮ ቤቱ መስኮት ላይ ገጠመው። እዚያ ይሁን፤ ቦታው ነው። የልጅ ልጄ ደግሞ አሁን ኳሱን የሚጫወተው ከጓሮ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ?

ሳምንት በቸር ያገናኘን።