ሳይቃጠል በቅጠል፦ የልማትና የአደጋ መከላከል ዕቅድ ለምን አንድ ይሁን?

መካነ ብርሃን የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በሰሜን ጎንደር ተራሮች መካከል የምትገኝ ይህች የደጋ ከተማ እንደ ሌሎቹ የወረዳ ከተሞቻችን ሁሉ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ መንገድና የመኖሪያ ቦታ ትሻለች። ይሁን እንጂ የምታድገው አደጋ በማይለየው መልክዓ ምድር ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በመስተጓጎሉ ጃናሞራን ጨምሮ በሰሜን ጎንደር ዞን ወረዳዎች ድርቅ ደረሰ። በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ ዞን በጠለምት ወረዳ የመሬት መንሸራተት የሰው ሕይወት ቀጠፈ። አንዱ በዝናብ እጦት፣ ሌላው በዝናብ ብዛት የመጣ መከራ መሆኑን ልብ ይሏል።

እንዲህ ባለ አካባቢ የልማት ዕቅድ ለብቻው፣ የአደጋ መከላከል ዕቅድም ለብቻው የሚነደፉ ከሆነ ሁለቱም ጎዶሎ ይሆናሉ ብለን እናምናለን። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ አደጋ ከደረሰ በኋላ ዕርዳታ ከማከፋፈል ይልቅ ስጋቱን አስቀድሞ መቀነስን ያስቀድማል፤ ይህም በልማት ዕቅዶች ውስጥ እንዲካተት ይጠይቃል። የሚቀረው ወረዳና ቀበሌ ድረስ ወርዶ በተግባር መታየቱ ነው።

ሳይንሱ ምን ይላል? በተዳፋት ላይ ያለ አፈር ቁልቁል እንዳይወርድ ከሚይዙት ኃይሎች ዋነኛው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ለተከታታይ ቀናት የዘነበ ውሃ በቅንጣቶቹ መካከል ያሉትን ክፍተቶች ሲሞላ የውሃው ግፊት ሰበቃውን ይቀንሳል፤ የአፈሩ ክብደት ግን ይጨምራል። በዚህ ላይ የተዳፋቱ ግርጌ ለመንገድ ወይም ለቤት መሥሪያ ከተቆረጠ አፈሩ ደጋፊ ያጣል። ብዙውን ጊዜ ምልክቶች ቀድመው ይታያሉ፦ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ዛፎች ያዘነብላሉ፣ የጠራው ምንጭ ይደፈርሳል። እነዚህን ከማንም በፊት የሚያያቸው እዚያው የሚኖረው ገበሬ ነው።

ዕውቀቱ በወቅቱ ካልደረሰ ምን እንደሚከተል በጎፋ ዞን አይተናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ የመጀመሪያው ናዳ ቤቶችን ሲቀብር ጎረቤቶች፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ለነፍስ አድን ሮጡ፤ ሁለተኛው ናዳ እነርሱንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ናዳ ከወረደ በኋላ ከበላዩ የሚቀረው ገደል ደጋፊ የሌለው መሆኑን፣ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊትም ገደሉን የሚከታተል ጠባቂ መቆም እንዳለበት አስቀድሞ መለማመድ ይገባል። ወገንን ለማዳን መሮጥ ታላቅ ምግባር ነው፤ ነገር ግን ሥልጠና ካልታከለበት የሟቹን ቁጥር ሊያበዛው ይችላል።

በርግጥ በጀቱ ጠባብ የሆነ አስተዳደር፣ «ትምህርት ቤት ሳንሠራ ለገና አደጋ እንዴት ገንዘብ እናውጣ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ትምህርት ቤቱ የት ይሠራ ብሎ ከመሠራቱ በፊት መጠየቅ የሚያስወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው። የባንግላዴሽ ልምድም ይህንኑ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1970 የደረሰው አውሎ ነፋስ ወደ 300,000 የሚገመት ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ በጎ ፈቃደኞችን ለማስጠንቀቂያ ሥራ አሠለጠነች፤ መጠለያዎችን ገነባች። እ.ኤ.አ. በ2007 ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲመታት የሞቱት በሺዎች የሚቆጠሩ ቢሆኑም ከቀድሞው ጋር አይነጻጸሩም። ከመጠለያዎቹም ብዙዎቹ በደህናው ጊዜ ትምህርት ቤቶች ናቸው። አንድ ሕንፃ ለልማትም ለመከላከልም አገለገለ ማለት ነው።

ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ ይህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቀበሌ ከሽማግሌዎችና ከገበሬዎች ጋር ሆኖ የሚሰነጠቀውን ተዳፋት፣ ጎርፍ የሚሄድበትን ቦይና በበጋ የማይደርቀውን ምንጭ በካርታ ያስፍር፤ የወረዳው ምክር ቤትም ካርታው ሳይታይ ለማንኛውም ግንባታ በጀት አያጽድቅ። ሁለተኛ፣ በየትምህርት ቤቱ የዝናብ መለኪያ ይተከል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ ይህን በየዕለቱ መመዝገብ ለተማሪ ከባድ አይደለም። ሦስተኛ፣ የማስጠንቀቂያው ሥራ ሕዝቡ ለሚያምነው ለእድር ይሰጥ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆይ፣ ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ ካርታውን ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕውቀት በእጃችን ነው። የእድር ጥሩንባ እስካሁን የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ለቀብር ነው። ሰው ሳይሞት፣ መሬቱ መሰንጠቅ ሲጀምር የሚነፋበትን ቀን ልናመጣ ይገባል።