የግያዝ ወረቀት



ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከወጣቶች ኅብረት አንድ ልጅ ቦርሳውን አቅፎ በር ላይ ጠበቀኝ። ኤሌክትሮኒክስ የሚማር ልጅ ነው። አጎቱ ከአሜሪካ ሲመጣ በልጅነቱ የተጫወተበትን የኒንቴንዶ ጌም አምጥቶለታል፤ ያ በ1980ዎቹ የወጣው፣ ግራጫ ሣጥን የሚመስለው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልጁ ግን የመጣው ስለ ጨዋታው ሊያወራኝ አይደለም። በጌሙ ካሴት ውስጥ ሜሞሪው ላይ የተጻፈውን ሁሉ አውጥቶ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ይፈልጋል። ከዚያም አልፎ አንዷን ቺፕ ከፍቶ ውስጧን በማይክሮስኮፕ ማየት አምሮታል። ይህን ለአንድ አገልጋይ ቢያማክረው “ይህማ ስርቆት ነው፤ ንስሐ ግባ” አለው። ልጁ በእውነት ተጨንቋል። “ጋሼ፣ ስርቆት ነው እንዴ?” አለኝ።

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም፤ ስለማላውቀው ነገር ከመፍረድ ብዬ ሳምንት ጠየቅኩት። ሳነብ ሰነበትኩ። ልጁን ልመክር የጀመርኩት ንባብ መሐል ላይ ወደ እኔው ዞረብኝ፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። በካሴቱ ውስጥ ጨዋታውን የያዘ ሜሞሪ አለ። እሱን ማንበብ ከባድ አይደለም፤ ቁጥር ትሰጠዋለህ፣ በዚያ ቁጥር የተቀመጠውን ይመልስልሃል፣ ቀጣዩን ቁጥር ትሰጠዋለህ፣ እንዲህ እያልክ እስከ መጨረሻው። በየቤቱ እያንኳኳ እንደሚቆጥር የሕዝብ ቆጣሪ ማለት ነው። ከእሷ ጎን ግን ሌላ ትንሽ ቺፕ አለች። ኒንቴንዶ ይህን ጌም በ1985 አሜሪካ ውስጥ ሲያወጣ ሳይፈቅድ ማንም ጨዋታ እንዳይሠራበት አስቦ አንዷን ቺፕ ማሽኑ ውስጥ፣ መንትያዋን በየካሴቱ ውስጥ አስቀመጠ። ማሽኑ ሲበራ ሁለቱ በአንድ ምት ቁጥር መለዋወጥ ይጀምራሉ። የካሴቷ ካልመለሰች ወይም ከተሳሳተች የማሽኑ ቺፕ ጌሙን ደጋግማ እንደ አዲስ ታስነሣዋለች፤ መጫወት የለም። በቺፖቹ ውስጥ ያለው ፕሮግራም «ቴን ኔስ» ይባላል። ይህን ፕሮግራም ቁጥር እየሰጡ ማንበብ አይቻልም። ቺፗ ሥራዋን ትሠራለች እንጂ ውስጧን ለጠያቂ አትናገርም። ማየት የፈለገ ሰው ሽፋኗን በኬሚካል ልጦ፣ ንብርብሯን እያነሣ፣ በማይክሮስኮፕ ነጥብ በነጥብ ማንበብ አለበት።

ይህን ካደረጉት አንዱ አታሪ ጌምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ታሪኩ በፍርድ ቤት መዝገብ ስለሰፈረ ወሬ አይደለም። ኩባንያው በ1986 በሁለቱ ቺፖች መካከል የሚያልፈውን ምልክት እያዳመጠ ምስጢሩን ሊፈታ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከዚያ ፈቃድ ወስዶ ለኒንቴንዶ ጨዋታ መሥራት ጀመረ። ፈቃዱ ግን ጠባብ ነበር፤ በዓመት ከአምስት አዲስ ጨዋታ በላይ ማውጣት አይቻልም፣ ያንኑ ጨዋታም ለሌላ ኩባንያ ማሽን ለሁለት ዓመት መስጠት ክልክል ነው። አታሪ ጌምስ ፈቃዱን ከመውሰዱ በፊትም ቺፖቹን በኬሚካል ልጦ በማይክሮስኮፕ ለማንበብ ሞክሮ ነበር። ብዙ ደከሙበት። ያነበቡት ግን ጎዶሎ ነበር፤ ቁልፉን አስመስለው ለመሥራት አልበቃቸውም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እስካሁን ያደረጉት ከባድ ሥራ ነው፣ ምናልባትም የግትር ሰው ሥራ። ሆኖም ዓይናቸውንና እጃቸውን ነው የተጠቀሙት።

በ1988 መጀመሪያ የኩባንያው ጠበቃ ለአሜሪካ የኮፒራይት ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ አስገባ። ኒንቴንዶ የፕሮግራሙን ቅጂ እዚያ አስመዝግቦ ነበር። ያንን ቅጂ ሌላ ሰው እንዲያገኝ ከሚፈቀድባቸው ምክንያቶች አንዱ ክርክር ነው፤ ማለትም ቅጂው ለፍርድ ቤት ክርክር ካስፈለገህ። ማመልከቻው አታሪ ጌምስ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኝ ፍርድ ቤት በዚህ ፕሮግራም ጉዳይ ተከሷል፣ ቅጂው ለክርክሩ ብቻ ያስፈልገዋል ይላል። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ክስ አልነበረም። ጽሕፈት ቤቱ ወረቀቱን አምኖ ቅጂውን ሰጠ። ኩባንያው በማይክሮስኮፕ ያነበበውን በዚያ ቅጂ አስተካከለ፣ የራሱን ቁልፍ «ራቢት» ብሎ ሠራ፣ ያለ ኒንቴንዶ ፈቃድም ጨዋታ መሸጥ ጀመረ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመስከረም 1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የተናገረውን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። የአንድን ፕሮግራም ሐሳብ ለመረዳት ብሎ ቺፕን ከፍቶ ማጥናቱ በራሱ ጥፋት አይደለም ብሏል። ነገር ግን ይህ መብት በእጁ ያለውን ቅጂ በአግባቡ ላገኘ ሰው ነው። አታሪ ጌምስ ከጽሕፈት ቤቱ የወሰደውን ያገኘው በሐሰት ነውና በዚያ ሽፋን መከለል አልቻለም፤ የሥር ፍርድ ቤቱም የጣለበት እግድ ጸና።

በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ፣ ተመሳሳይ ነገር ቀረበለት። አኮሌድ የተባለ ኩባንያ የሴጋን ጀነሲስ ጌምና ሦስት ካሴት ከገበያ ገዝቶ፣ በማሽኑ ላይ ሽቦ አያይዞ፣ ፕሮግራሙን አውጥቶ በወረቀት አትሞ አጠና፤ ከዚያ የራሱን ጨዋታ ሠራ። ሴጋ ከሰሰው። እዚህ ያሸነፈው ግን አኮሌድ ነው። የሁለቱ ኩባንያዎች ፍላጎት አንድ ነው፤ ሁለቱም በባለቤቱ የተቆለፈ ማሽን ላይ የራሳቸውን ጨዋታ ማስጫወት ፈልገዋል። አንዱ ገዝቶ አነበበ፤ ሌላው ዋሽቶ ተቀበለ።

ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን ሳያቸው ወደ አእምሮዬ የመጣው ግያዝ ነው፤ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ላይ ያለው የኤልሳዕ ሎሌ። ንዕማን ከለምጹ ከነጻ በኋላ ስጦታ ሊሰጥ ፈልጎ ነበር፤ ነቢዩ እንቢ አለ። ግያዝ ሮጦ ደረሰበትና ከነቢያት ልጆች ሁለት ጎልማሶች አሁን ከተራራማው አገር መጥተውብናል፣ ለእነሱ ብርና ልብስ ስጥ ብሎ በጌታው ስም ለመነው። ጎልማሶቹ አልነበሩም። ንዕማን በደስታ የጠየቀውን እጥፍ ብር ሰጠው። ልብ በሉ፣ ግያዝ ሰይፍ አልመዘዘም፣ ሌሊት ቤት አልሰበረም። የሌለ ችግር ፈጥሮ፣ በሌላ ሰው ስም፣ ለሚያምነው ሰው ነገረ። ጠበቃው ለጽሕፈት ቤቱ የጻፈውም የሌለ ክስ ነው።

አንዳንዱ “ኒንቴንዶስ ስግብግብ አልነበረም ወይ?” ይለኛል። እኔም በዓመት አምስት ጨዋታ የሚለው ገደብ ሰውን እንደሚያንገበግብ ይገባኛል። ንዕማንም ሀብታም ነበር፤ ያ ብር አያጎድለውም። ግያዝ ሲሮጥ ለራሱ የነገረው ይህንኑ ይመስለኛል። የተበደልን ሲመስለን ለወረቀት እጃችን ይፈታል።

እኔስ? ከዓመታት በፊት ለአንድ ዘመዴ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አብሮኝ የሠራው ስምንት ወር ነው፤ እኔ ሁለት ዓመት ብዬ ፈርሜ ማኅተም አሳረፍኩበት። ልጁ ጎበዝ ነበር፣ ሥራውንም ይችለው ነበር፣ ሁለት ዓመት የሚለው መስፈርት ደግሞ ለእኔ ትርጉም የለሽ ነበር። በዚያ ሳምንት እሑድ መድረክ ላይ ቆሜ ጸልያለሁ። የስርቆት ስብከት ስሰማ ያ ደብዳቤ አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ለቪዛና ለጥገኝነት ተብሎ ቤተ ክርስቲያናችንን የሚጠይቁን የድጋፍ ደብዳቤዎችም አሉ። “ዝም ብለህ አባል ነበር በል” እየተባልን ስንቱን ፈርመናል? አንድ ልጅ አሮጌ ቺፕ ሊያነብ ሲል ስርቆት ነው ብለን የምንቆጣ እኛው ነን።

ለልጁ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው። የራስህ የሆነውን፣ ወይም ባለቤቱ የፈቀደልህን ዕቃ ከፍተህ ማንበብ ስርቆት ነው ብዬ አላምንም። ሰው የተሠራን ነገር መርምሮ መረዳቱ ፈጣሪው የሰጠው ጸጋ ነው። በ2003 አንድ ሰው የጌም ቦይን ቺፕ ከፍቶ በማይክሮስኮፕ እንዳነበበም ነገርኩት። ጌም ቦይ በ1989 የወጣ ነው፤ ሲበራ የኒንቴንዶን ስም በማያ ገጹ ላይ የምታወርደው የመነሻ ፕሮግራም 256 ባይት ብቻ ናት፣ ሥራዋን እንደጨረሰች ራሷን ትሸሽጋለች፣ ጌሙ ጠፍቶ እስኪበራም አትገኝም። ያ ሰው 2048 ነጥቦችን ዜሮ ነው አንድ ነው እያለ ለቀማቸው። ልጁ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ።

ሦስት ነገር ግን አስጠነቀቅኩት። የተላጠች ቺፕ ዳግም አትሠራም፤ ስለዚህ የአጎቱን ካሴት ከመንካቱ በፊት አጎቱን ይጠይቅ፣ ከተቻለም የተበላሸ ካሴት ፈልጎ ይግዛ። አሲዱ ሳንባ ያቃጥላል፤ በትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ከመምህሩ ጋር እንጂ እናቱ ማድቤት ውስጥ እንዳይሞክረው። ሦስተኛውን በጥያቄ አቀረብኩለት፦ “ስልክህ ላይ ስንት ጨዋታ አለ? የገዛኸው የትኛው ነው?” ጫማውን እያየ ሳቀ። ከኢንተርኔት በጥቅል የወረዱ ናቸው። ያኛው የማንበብ ጉዳይ አይደለም አልኩት፤ ሌላ ሰው የሚሸጠውን ሳይከፍሉ መውሰድ ነው። አልተከራከረኝም። የከለከለውን አገልጋይም አብረን እናነጋግረዋለን ተባብለናል።

ደብዳቤውን የጻፍኩለት ዘመዴ አሁን ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ትናንት ማታ ደወልኩለት፤ አላነሣም። ዛሬ ከሥራ ስወጣ እደግመዋለሁ።