ቀለም የሚቀያይር የቤት እንግዳ

ልጆቻችሁ ውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ የልጅ ልጆች በስልክ የማይጠይቁት ነገር እንደሌለ ታውቃላችሁ። አትላንታ የሚኖረው የ9 ዓመት የልጅ ልጄ ሰሞኑን «እማማ፣ እንሽላሊት እንድትገዛልኝ ለእማዬ ንገሪልኝ» አለኝ። እናቱ ደግሞ ከበስተኋላ «ኧረ እንዳትፈቅጂለት!» ትላለች። እቤት ውስጥ የ2 ዓመት እህት አለችው። ስለዚህ ነገሩ የልጅ አምሮት ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይም ነው።

የተመኘው እንስሳ አረንጓዴ አኖል ይባላል። ጆርጂያን ጨምሮ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ በየአጥሩና በየቁጥቋጦው የሚገኝ፣ ከነጅራቱ ከ12 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን እንሽላሊት ነው። ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ስለሚለወጥ ብዙዎች «የአሜሪካ እስስት» ይሉታል። ከእኛ እስስት ጋር ግን ዝምድናው የሩቅ ነው። የእኛዋ ቀስ እያለች የምትራመድ፣ ሁለት ዓይኖቿን ለየብቻ የምታዞር፣ በረጅም ምላሷ ነፍሳት የምትለቅም ናት። አኖል ሯጭና ዘላይ ነው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን እስስት ስናይ እንሸሽ ነበር እንጂ ሁለቱም መርዝ የላቸውም።

አቋሙ የሚለዋወጥ ሰው «እስስት» ሲባል እንሰማለን። እንስሳው ግን ሰው ለማታለል አይለወጥም፤ የተቀመጠበትን ቅጠል ለመምሰልም አይደለም። አኖል ሲበርደው፣ ሲፈራ ወይም ሲጨነቅ ቡናማ ይሆናል፤ ሲሞቀውና ሲረጋጋ አረንጓዴ ይሆናል። እኛ ነርሶች ወደ አልጋው ስንጠጋ መጀመሪያ የምናየው የሕመምተኛውን ፊት እንደሆነው ሁሉ፣ አኖል የሚያሳድግም ሰው ጠዋት ጠዋት ቀለሙን ማየት ይልመድ። አልፎ አልፎ ቡናማ መሆኑ አያስደነግጥም። ቀኑን ሙሉ ቡናማ ሆኖ ከዋለ፣ ከዓይኑ ጀርባም ጥቁር ምልክት ከታየበት ግን አንድ ያልተመቸው ነገር አለ ማለት ነው።

ቤቱ ከላይ በወንፊት ሽቦ የተከደነ የመስታወት ሣጥን ይሁን። አኖል ዛፍ ላይ ኗሪ ስለሆነ ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ ይታሰብበት፤ የሚንጠላጠልበት ቅርንጫፍና የሚደበቅበት ቅጠልም ይኑረው። ሁለት ወንዶችን አንድ ላይ ማድረግ ጠብ መግዛት ነው። ሰውነቱ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት ስለማያመነጭ በአንዱ ጥግ እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የሚደርስ የመሞቂያ ቦታ፣ በሌላው ጥግ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስፈልገዋል። ሙቀቱን በቴርሞሜትር እንጂ በእጅ ዳበሳ አትለኩ።

ከሙቀቱ ሌላ አልትራቫዮሌት ቢ የሚሰጥ ልዩ አምፖል በቀን 12 ሰዓት ያህል መብራት አለበት። ምክንያቱን በጤና ጣቢያ ለእናቶች ከምንነግረው ታውቁታላችሁ። ሕፃኑን ፀሐይ አሙቁት፣ ግን በመስኮት መስታወት በኩል አይሁን እንላለን፤ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋልና። ጨረሩን ያላገኘ ልጅ አጥንቱ እንደሚለሰልስና እግሩ እንደሚጎብጥ ሁሉ፣ አኖልም አጥንቱ ለስልሶ መንጋጋውና እግሩ ይጣመማል። ሣጥኑን መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ መፍትሔ አይሆንም። ጨረሩም አያልፍም፣ መስታወቱም ይግልና እንስሳውን ሊገድለው ይችላል። አምፖሉ ብርሃኑ ሳይጠፋ ጨረሩ ስለሚደክም አምራቹ ባዘዘው ጊዜ መቀየር አለበት።

ውሃ በሣህን ብታስቀምጡለት ላያየው ይችላል። የሚጠጣው ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ነውና በቀን ሁለት ጊዜ ቅጠሎቹ ላይ በመርጫ ጠርሙስ ውሃ ይረጭለት። ምግቡ ሕይወት ያላቸው ነፍሳት ናቸው። በቤት እንስሳት መደብር የሚሸጡት ክሪኬት የሚባሉ ትናንሽ ፌንጣ መሰል ነፍሳት ይስማሙታል። መጠናቸው ከእንስሳው ራስ ስፋት አይብለጥ፤ ከመሰጠታቸው በፊትም በካልሲየም ዱቄት ይነስነሱ። ያልተበላው ይወገድ፤ ሌሊት እንስሳውን ሊነክሰው ይችላል።

ልጆች የማይወዱት ምክር ደግሞ አለ። አኖል የሚታይ እንጂ የሚታቀፍ እንስሳ አይደለም። ሲይዙት ይጨነቃል፤ ጅራቱን ከጎተቱት ቆርጦ ጥሎ ያመልጣል። ጅራቱ ተመልሶ ቢያድግም እንደ መጀመሪያው አያምርም።

አሁን ወደ ሕፃኗ እንምጣ። እንሽላሊት፣ ኤሊና እባብ ጤነኛ መስለው እየታዩ በአንጀታቸው ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ባክቴሪያው ከኩሳቸው ወደ ቆዳቸው፣ ወደ ሣጥኑና ወደ ያዛቸው እጅ ይተላለፋል። አሜሪካ በ1975 ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሱ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችው በዚህ የተነሳ ብዙ ሕፃናት ስለታመሙባት ነው። በሽታው ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል፤ በሕፃናት ላይ ወደ ደም አልፎ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ዕድሜያቸው ከ5 በታች የሆኑ ልጆች፣ 65 ዓመት የሞላቸው አረጋውያንና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ባሉበት ቤት እነዚህ እንስሳት ባይኖሩ ይመክራል። የሁለት ዓመት ልጅ እጇ ካፏ አይጠፋም፤ አያትም ለጥየቃ ሲሄዱ ከዚህ ምክር ውጭ አይደሉም።

ስለዚህ ለልጅ ልጄ «እህትህ 5 ዓመት እስኪሞላት ቆይ» አልኩት። አኮረፈ። እኔም እዚያው ሰፈሩ፣ አጥሩ ላይ አኖል እንደሚኖር ነገርኩት። ሳይነካው ይከታተል፤ ስንት ሰዓት ላይ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረ፣ ፀሐይ ይሁን ደመና በደብተር ይመዝግብ። ወንዱ ከአንገቱ ሥር ሮዝ ቀለም ያለው ቆዳ ሲዘረጋ ቢያይ ያንንም ይጻፍ። በየእሑዱ ሊያነብልኝ ተስማምተናል። አዲስ አበባም ሆነ ገጠር ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ ከግቢ እስስት ይዘው ቢገቡ ወደ ዛፏ መልሰው ከሩቅ እንዲያዩዋት አድርጉ።

ትንሽ ልጅ የሌለባችሁና ለመጀመር የወሰናችሁ ደግሞ እንስሳው ከመምጣቱ በፊት ሣጥኑን አዘጋጁ። በደንብ ከተያዘ ከ3 እስከ 6 ዓመት ሊኖር ይችላልና ልጁ ቢሰለች ማን እንደሚረከበው ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የሣጥኑን ዕቃ በወጥ ቤት መታጠቢያ አትጠቡ። እንስሳውን ወይም ሣጥኑን የነካ ሁሉ ወዲያው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ መሳም ክልክል ይሁን። ከቤተሰቡ አንዱ ትኩሳትና ተቅማጥ ቢይዘው «እቤታችን እንሽላሊት አለ» ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። እሱ ላይጠይቃችሁ ይችላል።

ሳምንት እንገናኝ፤ ደህና ሰንብቱ።