ሁለተኛው አደጋ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 በአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ቢሮ ውስጥ አንድ ስሌት ተሠራ። የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ንብረት የሆነ ቦይንግ 737 ማክስ 189 ሰዎች እንደያዘ ጃቫ ባሕር ውስጥ ከገባ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ጥያቄው ቀላል ነው፤ የበረራ ሶፍትዌሩ ሳይስተካከል ማክሶች መብረራቸውን ቢቀጥሉ በአገልግሎት ዘመናቸው ስንት ጊዜ ይከሰከሳሉ? መልሱ እስከ 15 ጊዜ የሚል ሆነ። አውሮፕላኖቹ ግን አልቆሙም።

እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡38 ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፈራ ላይ ተከሰከሰ። የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ስሌቱ በአደባባይ የታወቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ ኮንግረስ ባለሥልጣናቱን ጠርቶ ሲጠይቅ።

አውሮፕላን በወደቀ ቁጥር ሰው የሚጠይቀው «ምን ነክቶት ወደቀ?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መርማሪዎችም ብዙውን ጊዜ መልሱን ያገኙታል። ይበልጥ የሚከብደው ግን ያው ዓይነት አውሮፕላን በዚያው ምክንያት ዳግም ሲወድቅ የሚነሣው ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው አደጋ መካከል እነማን ስብሰባ ተቀመጡ? ምንስ ወሰኑ? የአቪዬሽን ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ቢያንስ ሦስት ትልልቅ ምሳሌዎች አሉት። በቅደም ተከተል ሲነበቡም ከማክሱ በፊት የነበሩት ሁለቱ የማክሱን ታሪክ አስቀድመው የጻፉት ይመስላል።

የመጀመሪያው ኮሜት ነው። የእንግሊዙ ደ ሃቪላንድ የሠራው ይህ አውሮፕላን በሜይ 1952 ሥራ ሲጀምር በዓለም የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት ነበር። ጃንዋሪ 10 ቀን 1954 ከሮም ወደ ለንደን የተነሣ አንድ ኮሜት ኤልባ ደሴት አጠገብ አየር ላይ ተበታተነ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። የእንግሊዙ አየር መንገድ ቢኦኤሲ ሌሎቹን ኮሜቶች በገዛ ፈቃዱ አቆመ፤ ኮሚቴም ተቋቋመ። እሳት ይሆናል ተባለ፣ ሌላ ሌላም ተጠረጠረ፤ ለእያንዳንዱ ግምት ማሻሻያ እየተበጀ ቁጥሩ ወደ 60 ተጠጋ። ትክክለኛውን ምክንያት ግን ማንም አላወቀም። ማርች 23 ቀን በረራው ቀጠለ። ከ16 ቀን በኋላ ሌላ ኮሜት ከሮም ወደ ካይሮ ሲጓዝ ኔፕልስ አጠገብ ባሕር ውስጥ ገባ፤ 21 ሰዎች አለቁ።

አሁን ነገሩ የምር ሆነ። በፋርንቦሮ የሚገኘው የመንግሥት የምርምር ተቋም አንድ ሙሉ ኮሜት ግዙፍ የውኃ ገንዳ ውስጥ ከትቶ፣ በሆዱ ውስጥ ያለውን ግፊት እየጨመረና እየቀነሰ የበረራን ጫና በላይ በላዩ ደጋገመበት። አውሮፕላኑ ቀደም ሲል ካደረጋቸው በረራዎች ጋር ተደምሮ 3,057ኛው ዙር ላይ ቆዳው ከክፍተቶቹ ጥግ ተነሥቶ ተቀደደ። ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ የቆየ ሽቦ በመጨረሻ እንደሚበጠሰው፣ ብረቱ ደክሞ ነበር። የኤልባው ስብርባሪ ከባሕር ወጥቶ ሲገጣጠም ስንጥቁ የጀመረው ከጣሪያው ላይ፣ ለአንቴና ከተከፈተው መስኮት ጥግ እንደሆነ ታየ።

ፋብሪካው ሳይፈትሽ ቀርቶ እንዳይመስል። ፈትሿል። የፈተሸው ክፍል ግን አስቀድሞ ለሌላ ሙከራ ከመጠን በላይ ተነፍቶ ስለነበር የጥጎቹ ብረት ጠንክሮ ቆየ፤ ስለዚህ ፈተናውን በሚገባ አለፈ። ተሳፋሪ የሚጭኑት ኮሜቶች እንዲህ ዓይነት ማጠንከሪያ አልደረሳቸውም። ለደ ሃቪላንድ ሰዎች ትንሽ ማዘን የሚቻለውም ለዚህ ነው። ሳያውቁ አበረሩ፤ ጥፋታቸው አለማወቃቸውን እያወቁ ማብረራቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ይህን ሰበብ እንኳ ማቅረብ አይችሉም።

ጁን 12 ቀን 1972 የአሜሪካን ኤርላይንስ ዲሲ 10 ከዲትሮይት ተነሥቶ በካናዳዋ ዊንድሰር ሰማይ ላይ ሳለ የኋላው የጭነት በር ተገንጥሎ ወደቀ። የጭነት ክፍሉ አየር በአንዴ ተመንጥቆ ሲወጣ ከላይ ያለው የመንገደኞች ወለል በከፊል ተደረመሰ፤ ወደ ጅራቱ የሚሄዱት የመቆጣጠሪያ ኬብሎች ደግሞ የሚያልፉት በዚያው ወለል ሥር ነበር። ካፒቴን ብራይስ ማኮርሚክ ዲሲ 10ን በሞተሮቹ ኃይል ብቻ መምራት ይቻል እንደሆነ በሲሙሌተር ሞክረው ያውቁ ነበር። በዚያ ልምምድ አውሮፕላኑን ዲትሮይት መልሰው አሳረፉት፤ 67ቱም ሰዎች ተረፉ። (ዊንድሰር ላይ ከወደቀው ጭነት መካከል አስከሬን የያዘ ሣጥን ነበረበት። ሌላ የሞተ ሰው በዚያ በረራ አልነበረም።)

በዚያች ቀን ሁሉም ነገር ጠረጴዛ ላይ ነበር። በሩ በደንብ ሳይቆለፍ የተቆለፈ ይመስላል፤ በሩ ከተከፈተ ወለሉ ይደረመሳል፤ ወለሉ ከተደረመሰ አብራሪው መቆጣጠሪያ አይኖረውም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ቁልፉ እንዲሻሻል፣ ወለሉም አየር ማስተንፈሻ እንዲበጅለት መከረ። አቪዬሽን አስተዳደሩ አስገዳጅ መመሪያ ሊያወጣ ነበር። ሆኖም የአስተዳደሩ ኃላፊና የአምራቹ የዳግላስ ኩባንያ ፕሬዚዳንት በስልክ ተነጋገሩና ጉዳዩ በመግባባት አለቀ፤ አስገዳጁ መመሪያ ቀርቶ ኩባንያው ለአየር መንገዶች የአገልግሎት ማስታወቂያ ይበትናል ተባለ። ለዳግላስ የአውሮፕላኑን አካል ይሠራ በነበረው ኮንቬር ኩባንያ ውስጥ ደግሞ ዳን አፕልጌት የተባሉ መሐንዲስ አደጋው በደረሰ በሁለት ሳምንቱ ለአለቆቻቸው ማስታወሻ ጻፉ። በሮቹ ወደፊትም መከፈታቸው እንደማይቀር፣ ያኔም አውሮፕላን እንደሚጠፋ በግልጽ አስቀመጡ። አለቆቻቸው አልተከራከሯቸውም። የተጨነቁት ነገሩን ያነሣ ኩባንያ የማስተካከያውን ወጪ ይሸከማል ብለው ነበርና ማስታወሻው እዚያው ቀረ።

ማርች 3 ቀን 1974 የቱርክ አየር መንገድ ዲሲ 10 ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ለንደን ተነሣ። በእንግሊዝ አየር መንገድ የሥራ ማቆም አድማ ስለነበር ብዙ ተሳፋሪዎች በመጨረሻ ሰዓት ወደዚህ በረራ ተዛውረው አውሮፕላኑ ጢም ብሎ ነበር። የኋላው የጭነት በር ተከፈተ፤ ወለሉ ተደረመሰ፤ ኬብሎቹ ተበጠሱ። 346 ሰዎች ኤርሜኖንቪል ጫካ ውስጥ አለቁ። አውሮፕላኑ ከፋብሪካ የወጣው ከዊንድሰሩ አደጋ ስድስት ወር ያህል በኋላ ነው። የበሩ ማሻሻያ እንደተሠራለት መዝገቡ ላይ ሰፍሯል፤ በተግባር ግን ሥራው አልተጠናቀቀም ነበር።

ከአምራቹ ወገን በቅድሚያ ጣት የተቀሰረው ኦርሊ ላይ በሩን በዘጋው የሻንጣ ጫኝ ላይ ነው። ሰውዬው የአልጄሪያ ተወላጅ ነው፤ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ያነባል። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛና በቱርክኛ ነበር። መያዣውን ወደ ታች ጫነው፣ ታዘዘለት፤ በሩ መቆለፉን ከዚያ በላይ እንዲያረጋግጥ የነገረው አልነበረም።

ይህን ይዞ ወደ ማክስ መመለስ ያሳምማል፤ ምክንያቱም ትረካው ቦታ ለቦታ ይገጥማል። ቦይንግ ትልልቅ ሞተሮችን ወደ ፊትና ወደ ላይ ጠጋ አድርጎ በአሮጌው 737 ላይ ሲተክል የአውሮፕላኑ አፍንጫ በአንዳንድ ሁኔታ ወደ ላይ የማዘንበል ጠባይ አመጣ። ይህን ለማረም ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ጨመረ። ኤምካስ የሚሰማው አንድ ሴንሰርን ብቻ ነበር፤ ሴንሰሩ ከዋሸ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ምድር ይጫናል። አብራሪዎች ስለ መኖሩ እንኳ አልተነገራቸውም። ለአንድ ትልቅ አሜሪካዊ ደንበኛ፣ ለሳውዝዌስት፣ አብራሪዎቹ ሲሙሌተር ሥልጠና ካስፈለጋቸው ቦይንግ በአውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊመልስ ተስማምቶ ነበር። የላየን ኤሩ አውሮፕላን ከመከስከሱ በፊት በነበረው ምሽት ያው ብልሽት ገጥሞት፣ በአጋጣሚ ኮክፒት ውስጥ የተቀመጠ ሦስተኛ አብራሪ ስለነበረ ተርፏል። በማግሥቱ ሦስተኛ ሰው አልነበረም።

ከላየን ኤር በኋላ ቦይንግ ለአብራሪዎች ማስታወቂያ፣ አስተዳደሩም አስቸኳይ መመሪያ አወጡ፤ የሁለቱም ፍሬ ነገር የጅራቱን አግዳሚ ክንፍ በኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅሱትን ማብሪያ ማጥፊያዎች አጥፉ የሚል ነበር። የበረራ 302 ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳታቸው አህመድኑር መሐመድ አጠፏቸው። በዚያ ፍጥነት ግን አፍንጫውን ለማቃናት በእጅ የሚዞረው መዘውር አልንቀሳቀስ አለ። መልሰው ሲያበሯቸው ኤምካስ ዳግም ተጫነ። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የሞተሮቹ ኃይል አለመቀነሱን አንስተው የኢትዮጵያው ሪፖርት ስለ አብራሪዎቹ የያዘው በቂ አይደለም ብለዋል፤ ክርክሩ የባለሙያ ክርክር ነው፣ ሊደመጥ ይገባል። ሆኖም ምርመራው ገና በእንጭጩ ሳለ ዋሽንግተን ላይ «አሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ያድነው ነበር» የሚል ንግግር የተሰማው ከባለሙያ ክርክር በፊት ነው። የኦርሊው ሻንጣ ጫኝ ይህን ቢሰማ አዲስ ነገር አይሆንበትም ነበር።

ቻይናና የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክሶቻቸውን ወዲያው ሲያቆሙ አሜሪካ የወሰነችው ማርች 13 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ማክሶቹ በአሜሪካ 20 ወር ቆሙ።

ጃንዋሪ 5 ቀን 2024 ደግሞ ከፖርትላንድ የተነሣ የአላስካ ኤርላይንስ 737 ማክስ 9 የበር ክፍተት መድፈኛው አየር ላይ ተገነጠለ። ሊይዙት የሚገባቸው አራት ብሎኖች ፋብሪካ ውስጥ ሳይገቡ ቀርተዋል። 177ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ተረፉ፤ እንደ ዊንድሰሩ በረራ። በዚህ ጊዜ ግን የስልክ ስምምነት አልተደረገም። አስተዳደሩ በማግሥቱ 171 ያህል አውሮፕላኖች ሳይፈተሹ እንዳይበሩ አዘዘ፤ ቀጥሎም ቦይንግ በወር ከ38 በላይ ማክስ እንዳያመርት ገደብ ጣለበት።