ተሳላሚም ተመልካችም

አባቶቻችን ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደውን ሰው «ሊሳለም ሄደ» ይሉት ነበር እንጂ «ሊጎበኝ ሄደ» አይሉትም ነበር። ዛሬ ግን ስለ ውጭ አገር ጉዞ በመካከላችን ሁለት ወገን ተፈጥሯል። አንደኛው ወገን፣ መንገደኛ ሕንፃና ሥዕል ሲመለከት ልቡ ስለሚበተን ጸሎቱ ይጎድላል ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ የተማረ ሰው የሚጓዘው ለማወቅ ነው፤ መስገድና ደጅ መሳለም የባልቴቶች ፈንታ ነው ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም የጉዞውን ግማሽ ይጥላሉ።

ለዚህም በኢየሩሳሌም የሚገኘውን ገዳማችንን ዴር ሡልጣንን ምስክር እናደርጋለን። ገዳሙ ያለው በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። በግቢው መካከል ጉብ ብሎ የሚታየው ጉልላት ከሥሩ ያለው የቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ጉልላት ነው፤ መነኮሳቱም በዚያው ግቢ በትንንሽ ክፍሎች ይኖራሉ። ከግቢው ወደ ታች የሚወስደው ደረጃ በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤቶች ውስጥ ያልፋል። ብዙው አገር ጎብኚ በዚሁ ደረጃ በጥቂት ደቂቃ ወርዶ መንገዱን ይቀጥላል።

ይህ መንገደኛ ያየው ድንጋይና ደረጃ ብቻ ነው። ታሪኩን አንብቦ የሄደ ግን ሥፍራው ከግብፅ ኮፕቶች ጋር ለረጅም ዘመን ሲያከራክር እንደ ኖረ፣ የሁለቱም ጸሎት ቤቶች ቁልፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት በኢትዮጵያውያን እጅ እንደ ገባ፣ ክርክሩም እስከ ዛሬ እንዳላለቀ ያውቃል። ያን ዝቅተኛ በር ሲያልፍም ብዙ ሰው ዕድሜውን የጨረሰበትን ቦታ እንደሚረግጥ ይሰማዋል።

ይሁን እንጂ ማንበብ ብቻውን አይበቃም። መነኮሳቱ ያን ሁሉ ዘመን ለምን እንደ ጸኑ የሚገባው፣ በቀዳም ሥዑር ማታ ካህናቱ ጥላ ዘርግተው፣ ከበሮ እየመቱ፣ ጉልላቱን ሲዞሩ ጧፍ ይዞ አብሮ ለቆመ ሰው ነው። መጽሐፍ ስለ ቁልፉ ይነግረናል፤ ቁልፉ የተፈለገው ግን ለዚህች ሌሊት ነው።

በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። እንደ አገራችን አብያተ ክርስቲያናት ክብ መሆኑን ያላስተዋለ ተሳላሚ፣ ነገሥታቱ ከአገር ለራቀ ወገን ምን እንዳሰቡለት ሳይረዳ ይመለሳል። ቅዳሴውን ሳይቆም የወጣ ተመልካች ደግሞ ቤቱን ባለቤቱ በሌለበት ሰዓት እንደ ጎበኘ ይቆጠራል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከመሄዳችን በፊት እናንብብ፣ ለመንገድ የሚሆን ስንቅ ከቤት ይያዛልና። ከደረስን በኋላ ፎቶግራፍ ማንሻው ከቦርሳ ሳይወጣ አስቀድመን እናስቀድስ። ቀጥሎም አረጋውያኑን መነኮሳት ጤንነታቸውንና የጎደላቸውን እንጠይቅ። መንፈሱ በእውነት የታደሰ ሰው የሚታወቀው በሰበሰበው ሥዕል ብዛት ሳይሆን፣ ለእነዚያ አባቶች ያለበትን ዕዳ አውቆ በመመለሱ ነው።